የሞተር ኮምፒውተር በማስረጃ እንጂ በጥርጣሬ አይፈረድበትም፦ በፒክአፕ ተሽከርካሪ የኮይልና የኮምፒውተር ብልሽት ምርመራ ላይ የቀረበ አስተያየት

መግቢያ

በቤንዚን የሚሠራ ፒክአፕ ዳገት ላይ ኃይል ሲያጣ፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥና በዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል። በጋራዡ ስካነር ይሰካል፤ ስካነሩም ከአንዱ ሲሊንደር ብልጭታ ጋር የተያያዘ ኮድ ያወጣል። በኮዱ መሠረት ኮይሉ ይቀየራል። ችግሩ ካልተወገደ ካንዴላው ይቀየራል። አሁንም ካልተወገደ «እንግዲያውስ ኮምፒውተሩ ነው» ይባልና ያገለገለ ኮምፒውተር ፍለጋ ወደ ሶማሌ ተራ ይኬዳል።

ይህ አካሄድ ላይ ላዩን ሲታይ አመክንዮ ያለው ይመስላል። አንዱ ተጠርጣሪ ነጻ ሲወጣ ጥርጣሬው ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል፤ በመጨረሻም የቀረው ጥፋተኛ ይሆናል። ነገር ግን በማግለል የሚደረስበት ፍርድ የሚጸናው የተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር የተሟላ ሲሆን ብቻ ነው። በተለመደው አሠራር ዝርዝሩ የተሟላ አይደለም። ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ ፊውዙ፣ ሪሌውና የግራውንዱ ግንኙነት ብዙውን ጊዜ ሳይመረመሩ ይታለፋሉ። ኮምፒውተሩ የሚኮነነው ጥፋቱ ስለታየ ሳይሆን ውስጡ ስለማይታይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። የሞተር ኮምፒውተር ተበላሽቷል ሊባል የሚገባው የሚያስፈልገው ኃይልና መረጃ ሁሉ በትክክል እየደረሰው፣ ደህንነቱ በተረጋገጠ ጭነት ላይ ሊሰጥ የሚገባውን ውጤት አለመስጠቱ በልኬት ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ከዚህ ያነሰ ድምዳሜ ግምት ነው፤ የግምቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ባለንብረቱ ነው። በአንዳንድ የፒክአፕ ሞተሮች ላይ ደግሞ አዲስ የተገጠመውን ኮምፒውተር ያንኑ ያልተመረመረ ኮይል መልሶ ሊያቃጥለው ይችላል።

ብልጭታ እንዴት ይፈጠራል

ቻርልስ ኬተሪንግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለካዲላክ መኪና ያዘጋጀው በባትሪ የሚሠራ የብልጭታ ሥርዓት መሠረታዊ መርሑ ዛሬም አልተለወጠም። ኮይል በአንድ የብረት እምብርት ዙሪያ የተጠቀለሉ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉት። የመጀመሪያው ጥቅል ጥቂት ዙሮች ያሉት ወፍራም ሽቦ ነው፤ ሁለተኛው እጅግ ብዙ ዙሮች ያሉት ቀጭን ሽቦ ነው። በመጀመሪያው ጥቅል ከረንት ሲያልፍ መግነጢሳዊ ኃይል ይከማቻል። ከረንቱ በድንገት ሲቋረጥ የመጀመሪያው ጥቅል ቮልቴጅ ወደ 300 እና 400 ቮልት ይወረወራል፤ በሁለተኛው ጥቅል ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ተፈጥሮ በካንዴላው ክፍተት ላይ ብልጭታ ይዘላል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት የመጀመሪያው ጥቅል ኢንደክታንስ 3 ሚሊሄንሪ፣ የዑደቱ ጠቅላላ ሬዚስታንስ 0.7 ኦም፣ የኃይል ምንጩ 14 ቮልት ነው ተብሎ ይታሰብ። ከረንቱ መፍሰስ ከጀመረ ከ2 ሚሊሰከንድ በኋላ 7.5 አምፔር ገደማ ይደርሳል፤ የተከማቸው ኃይል 84 ሚሊጁል ያህል ይሆናል። በጥቅሉ ውስጥ የአንዳንድ ዙሮች መከለያ ተቃጥሎ ዙሮቹ እርስ በርስ ቢገናኙና ኢንደክታንሱ ወደ 1 ሚሊሄንሪ ቢወርድ ግን፣ በዚያው 2 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከረንቱ ወደ 15 አምፔር ይጠጋል። ባትሪው፣ ሬዚስታንሱና ጊዜው ሳይለወጡ ከረንቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከረንቱን የሚያበራውና የሚያጠፋው ትራንዚስተር ይህን ሁሉ መሸከም ይኖርበታል። ከረንት የሚገድብ መከላከያ ቢኖረው እንኳ ገደቡን የሚጠብቀው ትርፉን ቮልቴጅ ራሱ ተሸክሞ ስለሆነ ይግላል፤ ግለቱ ከተደጋገመም ይሞታል።

ኬተሪንግ በነደፈው ሥርዓት ከረንቱን የሚያቋርጠው ክፍል በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚስተካከል ሜካኒካዊ ግንኙነት ነበር። ዛሬ ያ ሥራ በታሸገ ሳጥን ውስጥ ያለ የሲሊከን ቁራጭ ሥራ ሆኗል። የምርመራው ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ትራንዚስተሩ በየትኛው ሳጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ሳይታወቅ የትኛው አካል የትኛውን ሊያበላሽ እንደሚችል ማወቅ አይቻልም።

ሁለት አሠራሮች፣ ሁለት የምርመራ መንገዶች

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በስፋት የሚታወቀውን ቶዮታ ሃይሉክስ መውሰድ ይቻላል። የናፍጣው ሃይሉክስ ነዳጁን በመጭመቅ ሙቀት ስለሚያቀጣጥል የብልጭታ ኮይል የለውም። ባለ 2.7 ሊትሩ 2ቲአር-ኤፍኢ የቤንዚን ሞተር ግን በእያንዳንዱ ካንዴላ ላይ የሚቀመጡ አራት ኮይሎች አሉት። እያንዳንዱ ኮይል አራት ሽቦዎች አሉት፤ አንዱ ኃይል ያመጣል፣ አንዱ ግራውንድ ነው፣ ሦስተኛው «አይጂቲ» የተባለውን የኮምፒውተሩን ትእዛዝ ያደርሳል፣ አራተኛው «አይጂኤፍ» የተባለውን የኮይሉን ምላሽ ወደ ኮምፒውተሩ ይመልሳል። ከረንቱን የሚያቋርጠው ትራንዚስተር የሚገኘው በኮይሉ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ የሚልከው አነስተኛ የቮልቴጅ ምልክት ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያው ጥቅል ከረንት በኮምፒውተሩ ውስጥ አያልፍም።

በአሜሪካ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው ፎርድ ኤፍ-150 ግን በ4.6 እና በ5.4 ሊትር ሞተሮቹ ሌላ መንገድ ይከተላል። እያንዳንዱ ኮይል ሁለት ሽቦ ብቻ አለው። አንዱ ከባትሪ የሚመጣ ኃይል ሲሆን ሌላው በቀጥታ ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር ይገባል። ትራንዚስተሩ ያለው በኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። በዚህ አሠራር በኮይሉ ውስጥ የተገናኙ ዙሮች የሚያመጡት ትርፍ ከረንት በሙሉ የሚያልፈው በኮምፒውተሩ በኩል ነው።

ልዩነቱ ለመካኒኩ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም። ኮይሎችን ከሲሊንደር ወደ ሲሊንደር ማዘዋወር በጋራዥ የተለመደ ፈጣን ሙከራ ነው፤ ጥፋቱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ኮይሉ ጥፋተኛ ነው። በሃይሉክስ ዓይነት አሠራር ይህ ሙከራ ብልህነት ነው፤ ወጪ የለውም፣ ጊዜ አይፈጅም፣ አደጋውም አነስተኛ ነው። በኤፍ-150 ዓይነት አሠራር ግን ዙሮቹ የተገናኙበትን ኮይል ወደ ጤነኛ ሲሊንደር ማዛወር የሁለተኛውን ሲሊንደር ትራንዚስተርም ለአደጋ ማጋለጥ ነው። አንድ ዓይነት ሙከራ በአንዱ ፒክአፕ ላይ ምርመራ፣ በሌላው ላይ ደግሞ ጥፋትን የማስፋት ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ኮዱ ምን ይላል?» ሳይሆን «ከረንቱን የሚያቋርጠው ትራንዚስተር የት ነው ያለው?» የሚል መሆን አለበት። መልሱን ለማግኘት በኮይሉ ሶኬት ላይ ያሉትን ሽቦዎች መቁጠርና የዑደቱን ሥዕል ማየት ይበቃል።

ኮድ የሚለውና የማይለው

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በቀላል ተሽከርካሪዎች ላይ ግዴታ የሆነው ሁለተኛው ትውልድ የተሽከርካሪ ውስጥ ምርመራ ሥርዓት የብልሽት ኮዶችን ወጥ አድርጓቸዋል። ፒ0300 በተለያዩ ሲሊንደሮች የሚታይ የቃጠሎ መጓደልን፣ ፒ0301 እና ተከታዮቹ በተወሰነ ሲሊንደር የታየውን፣ ፒ0351 እና ተከታዮቹ የኮይል ዑደት ብልሽትን፣ ፒ0606 ደግሞ ኮምፒውተሩ በራሱ ፕሮሰሰር ላይ ያገኘውን ጉድለት ያመለክታሉ።

እነዚህ ኮዶች የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። የፒ0301 ዓይነት ኮድ የሚመነጨው ከኮይል ልኬት አይደለም። ኮምፒውተሩ የክራንክሻፍቱን ፍጥነት በየሲሊንደሩ ተራ ይለካል፤ አንዱ ሲሊንደር ሳይቃጠል ሲቀር የሚፈጠረውን ቅጽበታዊ መዘግየት ይቆጥራል። መዘግየቱ ከደካማ ብልጭታ፣ ከተደፈነ ኢንጀክተር፣ ከተቃጠለ ቫልቭ ወይም ከአየር ማስገቢያ ፍንጣቂ ሊመጣ ይችላል። ፒ0351 ደግሞ «የኮይል ዑደት» ይላል እንጂ «ኮይል» አይልም። ዑደት ሲባል ኮይሉን፣ ሽቦውን፣ ሶኬቱን፣ የኃይል ምንጩን፣ ግራውንዱንና በኮምፒውተሩ በኩል ያለውን ጫፍ ሁሉ ያጠቃልላል። ስካነር አንባቢው «ዑደት» የሚለውን ቃል ሲዘልለው የምርመራው መንገድ በዚያች ቅጽበት ይጠብባል።

የዚህ አሳሳች ባሕርይ ጥሩ ምሳሌ የምላሽ ሽቦው ነው። በብዙ ባለ አራት ሲሊንደር የቶዮታ ሞተሮች ላይ የአራቱ ኮይሎች የአይጂኤፍ ሽቦዎች በመንገድ ላይ ተገናኝተው በአንድ መስመር ወደ ኮምፒውተሩ ይገባሉ። ከአራቱ አንዱ ኮይል በውስጡ ይህን መስመር ከግራውንድ ጋር ቢያገናኘው ኮምፒውተሩ የአራቱንም ምላሽ ያጣል። በዚህን ጊዜ አራት ኮዶች በአንድነት ሊመዘገቡ ይችላሉ፤ ሞተሩም ላይነሳ ይችላል። «አራት ኮይሎች በአንድ ቀን ሊበላሹ አይችሉም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ነው» የሚለው ድምዳሜ እዚህ ላይ እጅግ አሳማኝ ይመስላል፤ ግን ስሕተት ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ የአይጂኤፍ መስመሩ ቮልቴጅ እየታየ ኮይሎቹ አንድ በአንድ ቢነቀሉ፣ ጥፋተኛው ኮይል ሲነቀል መስመሩ ወደ 5 ቮልት አካባቢ ይመለሳል። ይህን ቮልቴጅ የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ስለሆነ፣ መመለሱ ብቻውን የኮምፒውተሩ የመቀበያ ክፍልና ሽቦው ደኅና መሆናቸውን ይመሰክራል። ተከሳሹ ራሱ ምስክር ሆኖ ቀረበ ማለት ነው፤ የጠየቀው ሰው ካለ።

የማግለል አመክንዮ ድክመት

ጉዳዩን በዕድል ስሌት መመልከት ይጠቅማል። የኮይል ዑደት ኮድ ይዘው ከመጡ 100 ፒክአፖች መካከል በ70ዎቹ ጥፋቱ በኮይሉ፣ በ26ቱ በሽቦ፣ በሶኬት፣ በኃይል ምንጭ ወይም በግራውንድ፣ በ4ቱ ደግሞ በኮምፒውተሩ ነው ተብሎ ይታሰብ። ይህ ለስሌት የተወሰደ ግምት እንጂ የተለካ አኃዝ አይደለም፤ ቁጥሮቹ ቢለወጡም የነገሩ ቅርጽ አይለወጥም። ደኅና ኮይል ተገጥሞ ጥፋቱ ከቀጠለ 70ዎቹ ይወጣሉ፤ 30 ይቀራሉ። ከ30ዎቹ የኮምፒውተሩ ድርሻ 4 ነው፤ ማለትም 13 በመቶ ገደማ። ኮይሉ ነጻ መውጣቱ በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጥርጣሬ ከ4 በመቶ ወደ 13 በመቶ ከፍ አድርጎታል፤ ይሁንና 87 በመቶው አሁንም በሽቦውና በግንኙነቶቹ ላይ ነው። «ኮይል ካልሆነ ኮምፒውተር ነው» የሚለው ሐረግ ይህን 87 በመቶ በአንድ ትንፋሽ ይሰርዘዋል።

ስሌቱ ሌላ ስውር ሁኔታም አለው፤ የተገጠመው ኮይል ደኅና መሆኑን አስቀድሞ ይወስዳል። አዲስ መሆን ግን ደኅና መሆን አይደለም። ጥራቱ ያልተረጋገጠ መለዋወጫ በሚሸጥበት ገበያ «አዲስ ኮይል ገጥሜያለሁ» ማለት ኮይሉን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አያወጣውም።

በጋራዥ የተለመዱት የመለኪያ ዘዴዎችም የየራሳቸው ገደብ አላቸው። ባለ ሁለት ሽቦ ኮይል የመጀመሪያ ጥቅል ሬዚስታንስ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ኦም በታች ነው። የተራ ሞልቲሜትር ገመዶች ራሳቸው በአሥረኛ የሚቆጠር ኦም ስለሚጨምሩ፣ ጥቂት ዙሮች መገናኘታቸው በንባቡ ላይ አይለይም። በሁለተኛው ጥቅል መከለያ ላይ ያለ ስንጥቅም በብዙ ሺህ ቮልት ብቻ የሚዘል ስለሆነ፣ በጥቂት ቮልት ለሚለካ ኦም ሜትር አይታይም። ከዚህ የተነሣ በኦም ሜትር የወደቀ ኮይል በእርግጥ የተበላሸ ነው፤ በኦም ሜትር ያለፈ ኮይል ግን ነጻ አልወጣም።

የቮልቴጅ ልኬትም እንዲሁ ሊያሳስት ይችላል። ከብዙ ክሮቹ አንድ ብቻ የቀረው ሽቦ ጭነት በሌለበት ጊዜ ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል፤ ሞልቲሜትሩ የሚስበው ከረንት ኢምንት ነውና። ያው ሽቦ 7 አምፔር እንዲያሳልፍ ሲጠየቅ ግን ይወድቃል። የዛገ የግራውንድ ብሎን የ0.1 ኦም ሬዚስታንስ ብቻ ቢኖረው በ7 አምፔር ላይ 0.7 ቮልት ይነጥቃል፤ በዚያው ብሎን ላይ ሌሎች ጭነቶች ሲጨመሩ ኪሳራው ይበዛል። ስለዚህ ግንኙነቶች የሚመረመሩት ሥራ ላይ ሳሉ፣ በሁለቱ ጫፎቻቸው መካከል የሚጠፋውን ቮልቴጅ በመለካት ነው።

ኮምፒውተሩን የሚያስፈርድበት ማስረጃ

ኮምፒውተር አይበላሽም ማለት አይደለም። ዙሮቹ የተገናኙበት ኮይል፣ በሶኬቱ በኩል የሚገባ ውኃ፣ ባትሪ ተገልብጦ መገናኘት፣ ከቁጥጥር የወጣ የዲናሞ ቮልቴጅ፣ የባትሪ ገመድ ሳይነቀል የሚደረግ ብየዳ፣ በሙቀትና በንዝረት ብዛት የሚሰነጠቅ የብየዳ ነጥብ፣ ሁሉም ኮምፒውተርን ይገድላሉ። ጥያቄው መበላሸቱ እንዴት ይረጋገጥ የሚለው ነው። አራት ነገሮች በቅደም ተከተል መታየት አለባቸው።

አንደኛ፣ የኮምፒውተሩ የኃይልና የግራውንድ ሽቦዎች ሁሉ ጭነት ላይ ሳሉ ይለካሉ። አንድ ኮምፒውተር ከአንድ በላይ የኃይልና የግራውንድ መስመር ስላለው በአንዱ ረክቶ ማቆም አይገባም። ሁለተኛ፣ ብልጭታውን ለመወሰን የሚያስፈልገው መረጃ፣ በተለይም የክራንክሻፍትና የካምሻፍት ሴንሰር ምልክት፣ እስከ ኮምፒውተሩ ሶኬት መድረሱ ይታያል። የክራንክሻፍት ምልክት ያላገኘ ኮምፒውተር ብልጭታ አለማዘዙ ብልሽት ሳይሆን ትክክለኛ ሥራው ነው። ሦስተኛ፣ ከኮምፒውተሩ እስከ ኮይሉ ያለው ሽቦ ያልተቋረጠና ከሌላ ጋር ያልተገናኘ መሆኑ ይረጋገጣል። አራተኛ፣ የኮምፒውተሩ ውጤት ደህንነቱ በታወቀ ጭነት ላይ ይታያል። በኤፍ-150 ዓይነት አሠራር በኮይሉ ምትክ አነስተኛ የመሞከሪያ አምፖል ገጥሞ ሞተሩን በማዞር ትራንዚስተሩ አምፖሉን ሲያበራና ሲያጠፋ መመልከት ይቻላል። በሃይሉክስ ዓይነት አሠራር ግን የአይጂቲ መስመር አነስተኛ ምልክት ብቻ ስለሚሸከም አምፖል ሊሰካበት አይገባም፤ በኦሲሎስኮፕ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ደኅና ሆነው አራተኛው ከጠፋ ኮምፒውተሩ ጥፋተኛ ነው። ያን ጊዜ ፍርዱ በማግለል ሳይሆን በቀጥታ ማስረጃ የተገኘ ይሆናል።

ከፍርዱ በኋላም አንድ ግዴታ ይቀራል። ትራንዚስተሩ በኮምፒውተሩ ውስጥ በሚገኝበት አሠራር፣ አዲሱ ኮምፒውተር ከመሰካቱ በፊት የሁሉም ኮይሎች ከረንት በከረንት መቆንጠጫና በኦሲሎስኮፕ መታየት አለበት። ጤነኛ ኮይል ከረንቱን እንደ ዳገት ቀስ እያለ ያሳድጋል፤ ዙሮቹ የተገናኙበት ኮይል ግን ገና ከመነሻው ሽቅብ ይወረወራል። ይህን ሳያዩ ኮምፒውተር መቀየር የሞተውን ቀብሮ ገዳዩን በቤት ማሳደር ነው።

መፍትሔ የሚመስለውን ውጤት መጠራጠርም ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ተቀይሮ ሞተሩ በደንብ ቢነሳ የአሮጌው ኮምፒውተር ጥፋት ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ለመቀየር ሲባል ሶኬቱ ተነቅሎ በመሰካቱ ብቻ የዛገ ግንኙነት ተፍቆ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪ በቤተ ሙከራ እንደሚያደርገው አሮጌውን መልሶ መሰካት ያስፈልጋል፤ ጥፋቱ ከተመለሰ ማስረጃው ይጸናል፣ ካልተመለሰ ባለንብረቱ የማያስፈልገውን ዕቃ ከመግዛት ይድናል። በእርግጥ የቁልፍ መለያ ያለው ተሽከርካሪ ከሌላ መኪና የመጣን ኮምፒውተር ያለ ምዝገባ ላይቀበል ይችላል። ያ ራሱ «የገዛነውም የተበላሸ ነው» የሚል ሌላ የተሳሳተ ፍርድ ሲያስከትል ይታያል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የጊዜና የገንዘብ ነው። ለዕለት ጉርሱ የሚሠራ መካኒክ በየመኪናው ላይ ረጅም ምርመራ ማካሄድ አይችልም፤ ኦሲሎስኮፕም የሁሉም ጋራዥ ዕቃ አይደለም። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ ነገር ግን የሚመለከተው የምርመራውን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻውን አይደለም። ኮይል ርካሽና ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ስለሆነ፣ አሠራሩ እስከፈቀደ ድረስ በማዘዋወር መሞከሩ ምክንያታዊ ነው። የማስረጃው ክብደት ግን ከውሳኔው ዋጋ ጋር ማደግ አለበት። ከላይ ከተዘረዘሩት አራት ማስረጃዎች አብዛኞቹን በተራ ሞልቲሜትርና በዑደት ሥዕል ማግኘት ይቻላል፤ የጎደለው ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቴክኖሎጂ ችግሩን በራሱ ይፈታዋል የሚል ነው። ኮዶች እየተራቀቁ ነው፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚታገዙ ስካነሮችም እየመጡ ነው። ይሁን እንጂ ማንኛውም ስካነር ሊያውቅ የሚችለው ኮምፒውተሩ የሚነግረውን ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የራሱ ግራውንድ መዛጉን፣ ሽቦው አንድ ክር ብቻ መቅረቱን ለይቶ የሚናገርበት መንገድ የለውም። የተጠረጠረውን አካል ብቸኛ የመረጃ ምንጭ አድርጎ ስለ ጥፋቱ መፍረድ መሣሪያው ቢራቀቅም የማይጠፋ ድክመት ነው።

ለዩኒቨርሲቲዎች የሚተርፈው ሥራ

ጉዳዩ የጋራዥ ብቻ ያልሆነበት ምክንያት አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑ በአገሪቱ ያሉት የነዳጅ ተሽከርካሪዎች ወዲያው ይጠፋሉ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ረዘም ላለ ጊዜ እየተጠገኑ እንዲያገለግሉ ይጠበቃል። ዕድሜው የገፋ ተሽከርካሪ ደግሞ ሽቦው፣ ሶኬቱና ግራውንዱ አብረውት ያረጃሉ። በተሳሳተ ምርመራ የሚባክነው ገንዘብም የዚያኑ ያህል ያድጋል።

ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚሆን፣ ከአገሪቱ መልክዓ ምድር የሚመነጭ ጥያቄም አለ። በካንዴላው ክፍተት ላይ ብልጭታ እንዲዘል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በሲሊንደሩ ውስጥ ካለው አየር ጥግግት ጋር ያድጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ወደ 76 ኪሎፓስካል ይጠጋል። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሰመራ ግን ከ500 ሜትር በታች ስለሆነች ግፊቷ 96 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። የቆላው ሙቀት አየሩን እንደሚያሳሳው ታስቦ እንኳ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ጥግግት በሰመራ ወደ 20 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በሌላ በኩል የኮይሉ መዳብ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ከ30 በመቶ በላይ ስለሚጨምር ኮይሉ የሚያከማቸው ኃይል ይቀንሳል። የሚጠየቀው ሲጨምር የሚሰጠው ይቀንሳል ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለው መላምት ግልጽ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተመርምሮ «ደኅና ነው» የተባለ ደካማ ኮይል ቆላ ወርዶ፣ ጭነት ተሸክሞ፣ ሲሞቅ ሊከዳ ይችላል። ባለንብረቱ ተመልሶ ሲመጣ በደጋው ጥፋቱ አይታይም፤ የማይታይ ጥፋት ሲገጥም ደግሞ ጣት የሚቀሰረው ወደ ኮምፒውተሩ ነው። ይህ በሙከራ ሊፈተን የሚችል ነገር ነው። ኮይሎችን በምድጃ እያሞቁ፣ የካንዴላን ክፍተት በታመቀ አየር ውስጥ አድርጎ ለደጋ ምርመራ ተስማሚ የሆነ የመለያ መስፈርት ማውጣት ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚመጥን፣ ውጤቱም ነገውኑ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለት ነገሮች ከትምህርት ክፍሎች ይጠበቃሉ። አንዱ ብልሽትን ከነማረጋገጫው መመዝገብ ነው። ከላይ በግምት የተወሰዱትን 70፣ 26 እና 4 የተባሉ ቁጥሮች በእውነተኛ አኃዝ መተካት የሚቻለው ኮዱ፣ ልኬቱ፣ የተቀየረው ዕቃና የመጨረሻው ውጤት በአንድ ላይ ሲመዘገቡ ነው። ሌላው ማስተማሪያ ነው። ተማሪው ሆን ተብሎ በተበላሸ ሞተር ላይ፣ መልሱን ሳያውቅ፣ ከማንኛውም ዕቃ ቅያሬ በፊት ማስረጃውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ የሚጠይቅ ልምምድ ያስፈልጋል። የዑደት ሥዕልን ማንበብና ቮልቴጅን ጭነት ላይ መለካት በአማርኛ በተዘጋጀ አጭር መመሪያ ለጋራዦች ቢደርስ የዩኒቨርሲቲው ዕውቀት ከግቢው አጥር ይወጣል።

ማጠቃለያ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የሞተር ኮምፒውተር በሽታውን አይደብቅም፤ የሚናገረው ግን ለጠየቀው ብቻ፣ በልኬት ቋንቋ ነው። ኮድ የጥያቄ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። የኮይል ነጻ መውጣት የኮምፒውተር ጥፋተኝነት አይደለም። ኮምፒውተር ተቀይሮ ሞተር መነሳቱም፣ አሮጌው ተመልሶ እስኪፈተን ድረስ፣ ማረጋገጫ አይደለም። እነዚህ ሦስት ነጥቦች በምርምር ዘዴ ትምህርት ውስጥ ለማንም እንግዳ አይደሉም። እንግዳ የሆነው ዩኒቨርሲቲው ለላቦራቶሪው የሚጠይቀውን ጥንቃቄ ለጋራዡ አለማስተማሩ ነው። በፒክአፑ ጭነት የሚተዳደር ቤተሰብ ለአንድ የተሳሳተ ድምዳሜ የብዙ ወራት ገቢውን በሚከፍልበት አገር ይህን ክፍተት መዝጋት የአውቶሞቲቭ ምሕንድስና ትምህርት ክፍሎች ዋና ሥራ ሊሆን ይገባል።